ባለሀብት ለሚጠብቅ አገር፦ ለብቸናና ለሞጣ አንባቢ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በብቸናና በሞጣ፣ ከዚያም ወጥተው በአዲስ አበባና በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባቢዬ፤

በእኛ አካባቢ ሰንበቴ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ወጣቱ ስደት፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ጨዋታ ሲነሣ መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «አንድ ደህና ባለሀብት ቢመጣልን!» ይባላል። ይህን ምኞት አልንቀውም። የሚመኘው ሰው ልጁን አስተምሮ፣ አስመርቆ፣ ቤት ያስቀመጠ አባት ነው። ነገር ግን የባለሀብት መምጣት ምን እንደሚመስል አገራችን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል አይታዋለች። የእኚህን ሰው ታሪክ ከነክብሩና ከነጉድለቱ ልንገርዎና በእሱ ላይ ተነሥተን እንነጋገር። ሰውየው ሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ናቸው።

ሼኹ በ1938 ዓ.ም. ደሴ ተወልደው ወልድያ አደጉ። አባታቸው የሐድረመውት ዘር፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሻግረው የዚያ አገር ዜጋ ሆኑ። ለሀብታቸው መሠረት የሆነው ትልቁ ሥራ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የሳዑዲ መንግሥት ለክፉ ቀን የሚሆን ነዳጅ ከመሬት በታች በዓለት ውስጥ በተፈለፈለ ማከማቻ ለማኖር ሲወስን፣ ከስዊድን የዓለት ቁፋሮ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ሥራውን የወሰዱት እሳቸው ነበሩ። ክፍያው በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 የስዊድንን ትልቅ የነዳጅ ኩባንያ ገዙ፤ ኩባንያው በኋላ ፕሪም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በሞሮኮ ሳሚር የተባለውን የነዳጅ ማጣሪያ አብላጫ ድርሻ ያዙ። ፎርብስ መጽሔት ለተወሰኑ ዓመታት ከዓለም ጥቁር ባለሀብቶች አንደኛ አድርጎ ጽፏቸዋል።

ወደ ትውልድ አገራቸው የመጡት ኢሕአዴግ የደርግን ድርጅቶች መሸጥ በጀመረበት ጊዜ ነው። በ1988 ዓ.ም. የፔፕሲ ፋብሪካዎችን ገዝተው ሞሐን መሠረቱ። በ1989 በጉጂ፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለውን የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ በ172 ሚሊዮን ዶላር ለ20 ዓመት ወሰዱ። በ1990 ሸራተን አዲስ ተከፈተ። በ2004 የደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በመካከሉ ቡናው፣ እርሻው፣ ቆዳው፣ ብረቱ፣ ሕንፃው ሁሉ «ሚድሮክ» በሚል ስም ሥር ተሰበሰበ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራ አገኙበት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት እሳቸው ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል። ለታመሙ የጥበብ ሰዎች ማሳከሚያ ከፍለዋል። ላደጉባት ወልድያ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አሠርተው በ2009 ዓ.ም. አስመርቀዋል። የአባይ ግድብ ሲጀመርም 1.5 ቢሊዮን ብር ለመስጠት ቃል ገብተዋል። በጎጃም ዙሪያ የሚዞረው ወንዝ እንዲገደብ አንድ ግለሰብ ይህን ያህል ቃል ሲገባ መስማት ለብዙዎቻችን ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ልነግርዎ ወደምፈልገው ነገር ልግባ።

ለገደንቢ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ በዘመናዊ መንገድ በስፋት ወርቅ የሚያመርት ብቸኛ ማዕድን ነበር። የአካባቢው ሰው ግን ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል ውኃችንን በክሏል፣ ከብቶቻችንን ጨርሷል፣ ልጆቻችን አካላቸው ተጎድቶ እየተወለዱ ነው እያለ ለዓመታት ሲጮህ ኖረ። የሚሰማው አላገኘም። የ20 ዓመቱ ውል አልቆ ለ10 ዓመት ሲታደስ ሰዉ አደባባይ ወጣ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ፈቃዱን አገደ። የጉዳቱ ጥናት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለት አሥርት ዓመታት ወርቅ ከወጣ በኋላ!

ይህን ከስዊድን ጋር ያስተያዩልኝ። ፕሪም በዚያን ጊዜ የእኚሁ ሰው ንብረት ነበር። ኩባንያው ሊሴሺል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ያለውን ማጣሪያውን ማስፋፋት ፈለገ። እንደፈለገው ግን መጀመር አልቻለም። ጉዳዩ ለመሬትና ለአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤት ቀረበ። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ተቃወሙ፣ ጋዜጦች ዓመቱን ሙሉ ተከራከሩበት፣ የአገሪቱ መንግሥትም የመጨረሻውን ውሳኔ እንዲሰጥ ጉዳዩ ወደ እሱ አመራ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ፕሪም ራሱ ማመልከቻውን አነሣ፤ ምክንያቱ የንግድ አዋጭነት ነው አለ። የፕሪም የገቢና የወጪ ሒሳብም በየጊዜው ለሕዝብ ይታተም ስለነበር ማንም የስዊድን መምህር ወይም ዓሣ አጥማጅ ከፍቶ ሊያነብበው ይችል ነበር። የሻኪሶ ገበሬ ከቤቱ ጓሮ ስለሚወጣው ወርቅ እንዲህ ያለ ወረቀት እጁ ገብቶ አያውቅም።

ባለሀብቱ አንድ ሰው ናቸው። ገንዘቡም ያው ነው። የተለያየው አገሩ ባለሀብቱን የሚጠይቅበት መንገድ ነው። የሊሴሺል ሰው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተጠየቀ፤ የሻኪሶ ሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ መንገድ መዝጋት ነበረበት። ስለዚህ «ባለሀብቱ ደግ ነው ወይስ ክፉ?» እያልን የምንከራከረው ክርክር ብዙ የሚያራምደን አይመስለኝም። ሼኹ ደግ ሰው እንደሆኑ የሚመሰክሩ ብዙ ናቸው፤ እኔም አልጠራጠርም። ደግነታቸው ግን ለሻኪሶ ሕፃን አልደረሰለትም፤ ሊደርስ የሚችለው ሕግ ነበር።

በጋምቤላም እንዲሁ ሆነ። ሳዑዲ ስታር የተባለው ኩባንያቸው ሩዝ ሊያመርት 10 ሺህ ሄክታር መሬት ወሰደ። መሬቱ ሰው የሌለበት ነው ተብሎ ነበር። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ታጣቂዎች በኩባንያው ሠራተኞች ላይ ተኩስ ከፍተው ሰዎች ተገደሉ። የተገደሉት እንጀራ ፍለጋ የሄዱ ሠራተኞች ናቸው። ግድያውን የሚያጸድቅ ነገር የለም። መሬቱ ሲሰጥ የመሬቱ ሰው ባለመጠየቁ የተዘራው ቂም ግን ወደ ባለሀብቱ አልደረሰም፤ ያረፈው በምስኪኖቹ ላይ ነው። አዲስ አበባም ፒያሳ ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ለሼኹ ተሰጥቶ ስንት ዓመት ታጥሮ የቆየውን ቦታ በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ከዚያ ደግሞ ባለሀብቱን ራሳቸውን ያጋጠማቸው ነገር አለ። ጥቅምት 25 ቀን 2010 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ሙስናን እዋጋለሁ ብሎ መሳፍንቱን፣ ሚኒስትሮቹንና ታላላቅ ነጋዴዎቹን ሰብስቦ ሪያድ ውስጥ ሪትዝ ካርልተን ሆቴል አሰራቸው። ሼክ አል አሙዲ አንዱ ነበሩ። ሌሎቹ ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተስማምተው ሲወጡ እሳቸው ቀሩ። ክሱ በአደባባይ ችሎት አልተሰማም። የተፈቱት ጥር 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከአሥራ አራት ወር በላይ መሆኑ ነው። በእነዚያ ወራት በኢትዮጵያ ስንት ቤተሰብ የሪያድን ዜና በጭንቀት ሲከታተል እንደኖረ ያስቡ። ግንቦት 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደው እንዲፈቱላቸው ጠየቁ። ለገደንቢ የታገደው በዚያው ወር ነበር። መንግሥት በአንድ እጁ ሰውየውን ሊያስፈታ፣ በሌላው እጁ የሰውየውን ማዕድን ሊዘጋ የተገደደበት ወር ነው። በሞሮኮም ሳሚር ዕዳ ውስጥ ወድቆ እ.ኤ.አ. በ2015 ማጣራቱን አቆመ፤ በዓመቱ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ወሰነበት። አገሪቱ ያለ ማጣሪያ ቀረች፣ መሐመዲያ የምትባለዋ የማጣሪያው ከተማም ሠራተኞቿ ተበተኑባት። የሼኹ ኩባንያ ሞሮኮን በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ከሶ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ቢጠይቅም እ.ኤ.አ. በ2024 የተፈረደለት 150 ሚሊዮን ብቻ ነው።

ሀብቱ ከመንግሥት ሥራ ተገኘ፣ ከመንግሥት በተገዙ ድርጅቶች አደገ፣ መንግሥት ሲቆጣ ተናጋ። በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት እንዲህ ነው። ምሰሶው ሲነቃነቅ ከሥሩ የተጠለለው ሁሉ አብሮ ይነቃነቃል። ሠራተኛው፣ ከተማው፣ ሆስፒታል ገብቶ የሚረዳው ሕመምተኛ ሁሉ የአንድ ሰው ጤናና የአንድ ቤተ መንግሥት ፊት ጥገኛ ይሆናል። «አንድ ባለሀብት ቢመጣልን» ስንል ይህንንም አብረን እየተመኘን መሆናችንን እንወቀው።

ይህን ሁሉ ለብቸናና ለሞጣ ሰው የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በጎጃም ለእምቢታ ቀድመው የተነሡት ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት አውራጃዎች ናቸው። ገማቾች መጥተው መሬትና ምርት ሊገምቱ ሲሉ አያቶቻችን «መሬታችንን ማን ይለካል? የተለካውስ ኋላ ለማን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። አዲስ አበባ ያለው ባለሥልጣን ጥያቄውን የኋላ ቀር ሰው ድንቁርና አድርጎ ቆጠረው። ጦር ዘመተ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላን ሳይቀር ደበደበ። ሰዉ ግን አልተበገረም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። አንዳንድ የተማረ ሰው ዛሬም ይህን ታሪክ ሲያነሣ ጎጃሜ ግብር አይወድም ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ማን ይለካል፣ የተለካው ለማን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ንብረቱን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። በስዊድን ፍርድ ቤት የተጠየቀውም፣ በሻኪሶ ሳይጠየቅ የቀረውም ይኸው ነው። እኛ ጥያቄውን ከአያቶቻችን ወርሰናል። ባለሀብት ይመጣል ሲባል ግን ከደስታችን ብዛት እንረሳዋለን።

ሌላም ያለብን ነገር አለ፤ ብናገረው ይሻላል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ውስጥ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ወንድሞቻችን ሱቆችና መደብሮች ተዘረፉ፣ ነደዱ። በማግሥቱ ሞጣም ሆነ ሌላው አገር ተደናግጦ አወገዘ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መልሶ ለመሥራት ገንዘብ አዋጣ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የተቃጠለው ምን እንደነበረ ልብ እንበል። በጨርቅ፣ በጨው፣ በቡና፣ በዕቃ ንግድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ጥሪት ነው። ሞጣ ባለሀብት ነበራት፤ በዚያ ቀን ያቃጠለችው የራሷን ባለሀብቶች ነው። ደሴ ተወልዶ፣ ወልድያ አድጎ ለዓለም የተረፈ አንድ ሙስሊም ነጋዴ እያደነቅን፣ በሞጣ ገበያ የሚነግደውን ሙስሊም ጎረቤታችንን ንብረት መጠበቅ ካልቻልን ማንም ባለ ብዙ ገንዘብ ሰው ወደ እኛ የሚመጣበት ምክንያት አይኖረውም። ሊመጣም አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለው ጦርነት ደግሞ የሁሉንም ነጋዴ መንገድ ዘግቶ፣ የሁሉንም ሱቅ አስፈራርቷል። የትንሹ ነጋዴ በር በሰላም ተከፍቶ በሰላም የሚዘጋበት ከተማ ካልሆነ በስተቀር የትልቁ ፋብሪካ ወሬ ወሬ ብቻ ነው።

ስለ ጤፋችን ደግሞ ላንሣ። የብቸና መረሬ የሚያበቅለው ማኛ ጤፍ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲደርስ ስሙ ይከበራል። ገበሬው ግን በጆንያ ሞልቶ ለደላላ ከሸጠ በኋላ ነገሩ ከእጁ ይወጣል። አይሱዙው በደጀን በኩል የአባይን በረሃ ሲወርድ ጤፉ አሁንም ጥሬ ነው። መንፋቱ፣ መፈጨቱ፣ መታሸጉ፣ ባሕር ተሻግሮ በስደተኛው ማዕድ መቅረቡ ሁሉ ለሌላ ሰው ገቢ ነው። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፊቤላና ደብረ ማርቆስ ላይ የተተከለው ደብሊው ኤ የሚያሳዩት የጎጃም ልጆችም ትልልቅ የዘይት ፋብሪካ ሊያቆሙ እንደሚችሉ ነው። ሆኖም ፋብሪካ ቆሞ ጥሬ ዕቃ ከአካባቢው ገበሬ በበቂ ካልመጣና የውጭ ምንዛሪ ካጠረ ማሽኑ ከአቅም በታች እንደሚሠራ እሱንም አይተናል። ገበሬው ለፋብሪካው ሻጭ ብቻ ሳይሆን ባለድርሻም ቢሆን ኖሮ ኑጉንና ሱፉን ለማምረት ሌላ ምክንያት ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ባለድርሻነት ሲባል ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አማራ ባንክ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ባለአክሲዮኖቹ ከ140 ሺህ በላይ ነበሩ። ከእነሱ መካከል የእኛ አገር መምህር፣ ነርስ፣ ነጋዴ፣ በዓረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ በአባቷ ስም አክሲዮን የገዛች ልጅ አለችበት። በ2017 ዓ.ም. መንግሥት ከኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ስለነበረ 9,900 ብር ያለው ሰው በቴሌብር ገዝቶ ከአገሪቱ ትልልቅ ድርጅቶች የአንዱ ባለቤት መሆን ይችል ነበር። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ገዢዎቹ 47 ሺህ ገደማ ናቸው። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ወደዚያ ገበያ የሚገባ ድርጅት ሒሳቡን ለሕዝብ የማሳየት ግዴታ አለበት። የሻኪሶ ገበሬ ያጣው ወረቀት ማለት ነው።

አክሲዮን መግዛት በራሱ ሰውን ባለቤት ያደርጋል ማለቴ አይደለም። በአገራችን ብዙ የአክሲዮን ማኅበር ተቋቁሞ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ፣ ባለአክሲዮኑ የት እንደደረሰ ሳያውቅ ቀርቷል። የሆነውም በአብዛኛው የጠየቀ ስላልነበረ ነው። ሰው አክሲዮን ይገዛና ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከጋብቻ ወረቀቱና ከመሬት ደብተሩ ጋር ያስቀምጠዋል። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ሥራ አለብኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው ይላል፤ አለዚያም ማንነቱን በወጉ ለማያውቀው ሰው ውክልና ይሰጣል። መቶ አርባ ሺህ ሰው እንዲህ ካደረገ ድርጅቱ ዞሮ ዞሮ በጥቂት ሰዎች እጅ ይወድቃል። ያኔ ከአንድ ባለሀብት ወደ አሥር ባለሀብት ተሸጋገርን እንጂ ባለቤት አልሆንንም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ የምለምንዎ ይህን ነው። ወረዳዎ ላይ «ባለሀብት መጥቷል፣ መሬት ይፈልጋል» ሲባል ከማጨብጨብዎ በፊት ውሉ ይነበብልን ይበሉ። ስንት ዓመት ነው? የሚነሣው ገበሬ ካሳው ስንት ነው፣ መቼ ይከፈለዋል? ውኃው ወዴት ይፈሳል? በየዓመቱ ሒሳቡን የት እናያለን? ይህን የጠየቀ ሰው የልማት ጠላት አይደለም፤ ማንም እንዲህ ቢልዎ አይቀበሉት። አክሲዮን ካለዎ ደግሞ ዘንድሮ ወደ ጉባኤው ራስዎ ይሂዱ። መሄድ ካልቻሉ ውክልናውን ለሚያውቁትና ተመልሶ ለሚነግርዎ ሰው ይስጡ። የኦዲተሩ ሪፖርት ሲነበብ ይስሙ፣ ያልገባዎን ቆመው ይጠይቁ፤ ሕጉ ይፈቅድልዎታል። በውጭ አገር ያላችሁም ብር ከመላካችሁ በፊት የምትልኩበትን ድርጅት ያለፈ ዓመት ሒሳብ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ካልላከ አትላኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ወገናችሁ